ትግልም እንደ ፊደል ይጠናል

ለአዲስ አንባብያን በሬዲዮ የተነገረ ትምህርታዊ ንግግር

 

ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ የምታዳምጡን እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ ሰላምታችን ካላችሁበት ይድረሳችሁ። ይህን ንግግር በወረቀት ታትሞ የምታገኙትም ቀስ እያላችሁ አንብቡት። አንድ ቃል ሲያስቸግራችሁ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሰላማዊ ትግል ነው። ሰላማዊ ትግል ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም ሰዎች እንዴት እንደሚማሩት እናያለን። ታሪኩን የምናመጣው ከአሜሪካ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ትግል ነው። ይህን ታሪክ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በዚያ ትግል ውስጥ በጎልማሳነታቸው ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። በንግግራችን የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንንገራችሁ።

ሰላማዊ ትግል ምንድን ነው?

ብዙ ሰው “ሰላማዊ ትግል” ሲባል ዝም ብሎ መቻል ይመስለዋል። አይደለም። ዝም ብሎ የሚችል ሰው በደሉን ተሸክሞ ይኖራል። በሰላም የሚታገል ሰው ግን “ይህን በደል አልቀበልም” ብሎ ይነሣል፤ ዱላ ግን አያነሣም። ሰው አይደበድብም፤ ቤት አያቃጥልም፤ ንብረት አይዘርፍም።

“ታዲያ ያለ ዱላ ምን ኃይል አለው?” ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስበው። አውቶቡስ ያለ ተሳፋሪ ገንዘብ አያገኝም። ሱቅ ያለ ገዢ ይዘጋል። ክፉ ሕግም የሚታዘዝለት ሰው ካጣ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በዳይ ብቻውን አይበድልም። ተበዳዩ ራሱ ሳይወድ በየቀኑ ያግዘዋል። ገንዘቡን ይሰጠዋል፤ ጉልበቱን ይሰጠዋል፤ ወንበሩን ይለቅለታል። ሰላማዊ ትግል ማለት እንግዲህ ይህን እገዛ ማቆም ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢያቆም ይታሰራል፤ ነገሩም በዚያው ሊረሳ ይችላል። ሺህ ሰው ባንድ ቀን ቢያቆም ግን እስር ቤቱም አይበቃም፤ ሱቁም አይሠራም።

ነገር ግን ይህ በስሜት ብቻ የሚሆን አይደለም። ቁጣ ሳይማሩት ይመጣል። ሲመቱህ አለመምታት፣ ሲሰድቡህ አለመሳደብ፣ ሲያስፈራሩህ አለመሸሽ ግን ትምህርት ይፈልጋል። እርሻ ይለመዳል፤ ሽመና ይለመዳል፤ ፊደል ይጠናል። ትግልም እንደዚሁ ነው። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው።

በንባብ የተዘጋ በር

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በባርነት ተገዝተዋል። በዚያ ዘመን በብዙዎቹ ግዛቶች ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ ያስቀጣ ነበር። ለምን ይመስላችኋል? ጌቶቹ የፊደልን ኃይል ያውቁ ስለነበር ነው።

ባርነት በ1865 በሕግ ቀረ። በ1870 ደግሞ ማንም ዜጋ በቀለሙ ወይም በዘሩ ምክንያት ከመምረጥ እንዳይከለከል በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ተጻፈ። የደቡብ ሹማምንት ግን ዘዴ ፈጠሩ። ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማንበቡን በፈተና ያሳይ የሚል ሕግ በየግዛቱ አወጡ። ላይ ላዩን ሲያዩት ክፋት ያለው አይመስልም። ነገር ግን ለጥቁር ልጆች በቂ ትምህርት ቤት አልሠሩም። ፈታኙም ነጭ መዝጋቢ ነበር። እሱ “አልፏል” ያለው ያልፋል፤ “ወድቋል” ያለው ይወድቃል። የተማረ ጥቁር መምህር እንኳ “ወድቀሃል” ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ ነበር።

መምረጥ የማይችል ሰው ምን ይሆናል? ዳኛውን ሌላ ሰው ይመርጥለታል። የፖሊስ ሹሙን ሌላ ሰው ይመርጥለታል። መንገዱ በማን ሠፈር እንደሚያልፍ፣ ትምህርት ቤቱ የት እንደሚሠራ ሌላ ሰው ይወስንለታል። በሩን የዘጋው ቁልፍ እንግዲህ ፊደል ነበር። ጥቁሮቹም በሩን በዚያው ቁልፍ ሊከፍቱት ተነሡ።

በአውቶቡስ ላይ የተጀመረ ትምህርት

ደቡብ ካሮላይና በሚባለው ግዛት፣ ከቻርልስተን ከተማ አጠገብ፣ ጆንስ የሚባል ደሴት አለ። በዚያን ጊዜ በደሴቱ ከሚኖሩት የሚበዙት ጥቁር ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። አቶ ኢሳው ጄንኪንስ የሚባሉ የደሴቱ ተወላጅ አውቶቡስ ነበራቸው። በየማለዳው ሠራተኞችን ወደ ከተማ ያደርሱ ነበር።

አንዲት ተሳፋሪ ችግራቸውን ለአቶ ኢሳው ነገሯቸው። ሴትዮዋ መምረጥ ይፈልጋሉ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። በዚያ ግዛት ለመራጭነት የሚመዘገብ ሰው ከግዛቱ ሕገ መንግሥት አንድ ክፍል እንዲያነብ ይጠየቅ ነበር። አቶ ኢሳው ጽሑፉን አስባዝተው ለተሳፋሪዎቻቸው አደሉ። መንገድ ላይ ስለ ቃሎቹ ይነጋገሩ ጀመር። አውቶቡሱ ትምህርት ቤት ሆነ።

ሴትዮዋ ጽሑፉን እየሰሙ በቃላቸው ያዙት። መዝጋቢው ፊት ቀርበውም ያነበቡ መስለው አለፉ። ግን አልረኩም። በቃል መያዝና ማንበብ አንድ እንዳልሆኑ ያውቁ ነበር። የፈለጉት ትምህርት እውነተኛውን ንባብ ነበር።

በ1954 አቶ ኢሳው ወደ ቴነሲ ግዛት ተጉዘው ሃይላንደር ወደሚባል የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገቡ። ሃይላንደር በ1932 የተቋቋመ ነው። በደቡብ አገር ነጭና ጥቁር ባንድ ማዕድ መቅረባቸው ክልክል በነበረበት ጊዜ፣ በሃይላንደር ግን ባንድነት ይበሉ፣ ባንድ ጣራ ሥር ያድሩ፣ ባንድ ክፍል ይማሩ ነበር። ተማሪዎቹ የየመንደራቸውን ችግር ይዘው ይመጣሉ፤ መፍትሔውንም ተወያይተው ይፈልጋሉ። አቶ ኢሳውም ደሴታቸው የጎልማሶች ትምህርት ቤት እንደሚያስፈልገው እዚያ ተናገሩ።

አቶ ኢሳውን ወደ ሃይላንደር የጋበዟቸው ወይዘሮ ሴፕቲማ ክላርክ የሚባሉ መምህርት ናቸው። ወይዘሮ ሴፕቲማ ገና በወጣትነታቸው፣ በ1916፣ በዚያው በጆንስ ደሴት አስተምረዋል። በ1956 ግዛቱ አንድ ሕግ አወጣ። ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው አገር አቀፍ ማኅበር አባል የሆነ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አይችልም ተባለ። ብዙ መምህራን እንጀራቸውን ፈርተው ዝም አሉ። ወይዘሮ ሴፕቲማ ግን አባልነታቸውን አልካዱም። አርባ ዓመት ያህል የሠሩበትን ሥራና ጡረታቸውን አጡ። ሃይላንደር ያን ጊዜ ሥራ ሰጣቸው።

ሱቅ የሚመስል ትምህርት ቤት

የደሴቱ ሰዎች ከሃይላንደር ገንዘብ ተበድረው አንድ አሮጌ ቤት ገዙ። የቤቱን ፊት የኅብረት ሱቅ አደረጉት። በስተጀርባው ያሉትን ሁለት ክፍሎች መማሪያ አደረጓቸው። ከውጭ የሚያይ ሰው ሱቅ ብቻ ነው የሚያየው። ይህን ያደረጉት የአካባቢው ነጮች አውቀው እንዳያስቆሟቸው ነው።

አስተማሪ ሆነው የተመረጡት ማን ይመስሏችኋል? ወይዘሮ በርኒስ ሮቢንሰን የሚባሉ ፀጉር ሠሪ ናቸው። ከዚያ በፊት አስተምረው አያውቁም። “እኔ መምህር አይደለሁም” ቢሉም ወይዘሮ ሴፕቲማ አልተቀበሏቸውም። ምርጫው በምክንያት ነበር። የመንግሥት መምህር ቢሆን ከሥራ ይባረራል። የፀጉር ሠሪዋ ደንበኞች ግን ጥቁሮች ስለሆኑ፣ ከሥራ ሊያባርራቸው የሚችል ነጭ አለቃ አልነበረም። ደግሞም ጎልማሶቹን ከላይ ወደ ታች የማይመለከት፣ አክብሮ የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ጃንዋሪ 7 ቀን 1957 የመጀመሪያው ማታ 14 ሰዎች መጡ። ወይዘሮ በርኒስ ከሕፃናት ትምህርት ቤት ያመጡትን መጽሐፍ ይዘው ነበር። ወዲያው ግን ለጎልማሳ የማይስማማ መሆኑን አዩና ወደ ጎን አደረጉት። ከዚያም ተማሪዎቹን ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቁ። አንዱ ስሙን መጻፍ ይፈልጋል። ሌላዋ ራቅ ብሎ የሚኖር ልጃቸው የሚልክላቸውን ደብዳቤ ያለ አንባቢ ማንበብ ይፈልጋሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የሚፈልግ ነበር። በፖስታ ቤት ገንዘብ የሚላክበትን ቅጽ መሙላት የሚፈልግም ነበር። ሁሉም ደግሞ የመራጭነት ቅጹን መሙላት ይፈልጋሉ። ትምህርቱ ከዚሁ ተነሣ። ደብዳቤው፣ ቅጹና ሕገ መንግሥቱ የመማሪያ መጽሐፍ ሆኑ።

እርሳስ መያዝ ቀላል ነገር አልነበረም። የማረሻ እርፍ ጨብጦ የኖረ እጅ እርሳሱንም እንደ እርፍ ይጨብጠዋል። እርሳሱ ቀጭ ይልና ይሰበራል። አስተማሪዎቹ ለዚህ መልስ ነበራቸው፤ እርሳስ መስበር የትምህርቱ አንድ ክፍል መሆኑን አስቀድመው ይነግሯቸዋል፤ ሌላ እርሳስ ይሰጧቸዋል። ስሙን መጻፍ የሚፈልግ ሰው ስሙ በወፍራም ወረቀት ላይ ይጻፍለታል። ተማሪው ፊደሎቹን በእርሳሱ ደጋግሞ ይከተላቸዋል። እጁ መንገዱን እስኪለምደው ድረስ ይሄድባቸዋል።

አንዲት የ65 ዓመት ሴት ነበሩ። አንድ ማታ የተማሪዎቹ ስም ሁሉ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ ሴትዮዋ የራሳቸውን ስም ከሌሎቹ መካከል ለይተው አወጡት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን በዓይናቸው አዩት። እናንተ ይህን ቀን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ብዙ ማብራራት አያስፈልገንም።

በሁለት ወር ውስጥ ከተማሪዎቹ የበዙት ፈተናውን አልፈው በመራጭነት ተመዘገቡ። ወሬው ወደ ጎረቤት ደሴቶች ሄደ። ትናንት የተማረው ዛሬ አስተማሪ ሆነ። የቴነሲ ግዛት ሃይላንደርን በ1961 ዘጋው፤ ትምህርቱ ግን አልተዘጋም። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚመሩት ድርጅት ተረከበው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች አስተማሪ ለመሆን ሠለጠኑ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ገበሬዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና የቤት ሠራተኞች ነበሩ።

381 ቀን በእግር

እስቲ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1955 ወደ ሃይላንደር መጥተው ከወይዘሮ ሴፕቲማ ዘንድ ከተማሩት መካከል አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስማቸው ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ ይባላል። የመጡት አላባማ ግዛት ከምትገኘው ከሞንትጎመሪ ከተማ ነው።

በሞንትጎመሪ አውቶቡስ የፊቱ ወንበር የነጮች፣ የኋላው የጥቁሮች ነበር። ነጮች ሲበዙ በመሃል የተቀመጠው ጥቁር ተነሥ ይባላል። ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ በማርች ወር 1955 “አልነሣም” ብላ ታሰረች። ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ደግሞ ወይዘሮ ሮዛ ከሥራ ሲመለሱ ሾፌሩ ተነሡ አላቸው። አልነሣም አሉ፤ ታሰሩም። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ደክሟቸው እንዳልተነሡ ይናገራል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ወይዘሮ ሮዛ ለመብት በሚሟገተው ማኅበር ውስጥ 12 ዓመት የሠሩ፣ ነገሩን አስበውና ተምረው የተዘጋጁ ሰው ነበሩ።

በዚያው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የሚባሉ የኮሌጅ መምህርት ወደ ማባዣ መኪናው ሄዱ። እስኪነጋ ድረስ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ በራሪ ወረቀቶች አባዙ። ወረቀቱ ሰኞ ቀን ማንም ጥቁር አውቶቡስ እንዳይሳፈር ይጠይቃል። በየትምህርት ቤቱ፣ በየሱቁና በየፀጉር ቤቱ ታደለ።

ሰኞ ዲሴምበር 5 አውቶቡሶቹ ባዶ ሆነው ዋሉ። ከአራት ተሳፋሪ ሦስቱ ጥቁር ነበርና። በዚያው ማታ በሺህ የሚቆጠር ሰው በቤተ ክርስቲያን ተሰበሰበ። መሪ ሆነው የተመረጡት ዶክተር ኪንግ ያን ጊዜ ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበሩ። ሕዝቡ አድማው ይቀጥል አለ።

ቀጠለ። አንድ ሳምንት ሆነ፤ አንድ ወር ሆነ፤ ዓመት ሞላ። ሰው በእግሩ ሄደ። ወደ 300 የሚጠጉ መኪናዎች ሠራተኞችን ያመላልሱ ጀመር። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንደሚባለው፣ ሸክሙን ተካፈሉት።

በጃንዋሪ 30 ቀን 1956 ማታ በዶክተር ኪንግ ቤት ቦምብ ተጣለ። ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው በቤት ውስጥ ነበሩ፤ ደግነቱ አልተጎዱም። የተቆጣ ሕዝብ ደጃፉን ሞላው። መሣሪያ የያዘም ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያች ሰዓት አንድ ጥይት ቢተኮስ ኖሮ ትግሉ ያበቃለት ነበር። ዶክተር ኪንግ በረንዳው ላይ ቆመው መሣሪያችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ፣ በቀልም አትፈልጉ አሉ። ሕዝቡ ተበተነ።

በሚቀጥለው ወር 89 ሰዎች በአድማ ተከሰሱ። በፊት ቢሆን “ፖሊስ ይፈልግሃል” የተባለ ጥቁር ይሸሻል። አሁን ግን የተከሰሱት ራሳቸው ወደ ፖሊስ ሹሙ ቢሮ ሄዱ። “ስሜ አለ ወይ?” እያሉ ጠየቁ። መታሰር ውርደት መሆኑ ቀረ። ፍርሃት ከዚያ ከተማ የወጣው በዚያ ቀን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጨረሻ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ላይ ሰውን በቀለም መለየት ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። ክሎዴት ኮልቪን በዚያ ክስ ከከሳሾቹ አንዷ ነበረች። ዲሴምበር 21 ቀን 1956 ጥቁሮቹ ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ፤ በፈለጉትም ወንበር ተቀመጡ። የተጓዙት 381 ቀን ነው።

ከመመለሳቸው በፊት ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወንበሮችን እንደ አውቶቡስ ደረደሩ። አንዱ ሾፌር ሆነ፤ አንዱ የተቆጣ ነጭ ሆነ፤ ሌላው ጥቁር ተሳፋሪ ሆነ። ቢሰድቡን ምን እናደርጋለን? ቢገፈትሩን ምን እናደርጋለን? እያሉ ተለማመዱ። የድል ቀን እንኳ ልምምድ አስፈልጎታል።

የምድር ቤቱ ትምህርት

ይህን ልምምድ ይበልጥ ያሳደጉት በቴነሲ ግዛት የናሽቪል ከተማ ተማሪዎች ናቸው። አስተማሪያቸው ጄምስ ላውሰን ይባላሉ። ቄስ ለመሆን የሚማሩ ወጣት ነበሩ። ከ1953 እስከ 1956 በሕንድ አገር ኖረው የማሃትማ ጋንዲን የትግል ዘዴ አጥንተዋል። ጋንዲ በ1930 የጨውን ሕግ ለመቃወም ወደ ባሕር ሲጓዙ መጀመሪያ ያስከተሏቸው 78 ሰዎች በጋንዲ ሠፈር በሥርዓት የሠለጠኑ ነበሩ። ትምህርቱ ከትግሉ እንደሚቀድም ላውሰን ከዚያ ተረዱ።

በናሽቪል ጥቁር ሰው ሱቅ ገብቶ ዕቃ መግዛት ይችላል። በዚያው ሱቅ ካለው የምግብ ባንኮኒ ተቀምጦ መብላት ግን አይፈቀድለትም። ገንዘቡ ይፈለጋል፤ እሱ ግን አይፈለግም። ተማሪዎቹ ይህን ሊቃወሙ ተነሡ። ግን ወዲያው አልሄዱም። ከ1958 ጀምሮ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ማታ ማታ እየተሰበሰቡ ይማሩ ነበር።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ጥቂቶቹ ባንኮኒ ላይ እንደተቀመጡ ሆነው ይቀመጣሉ። ጓደኞቻቸው ከኋላ መጥተው ይሰድቧቸዋል። የሲጋራ ጢስ ፊታቸው ላይ ይነፉባቸዋል። ፀጉራቸውን ይጎትታሉ፤ ከወንበር ይገፈትሯቸዋል። የተቀመጠው ሰው ክፉ ቃል ሳይመልስ መቀመጥ አለበት። ቢወድቅ ራሱን በእጆቹ እንዴት እንደሚከላከል ይማራል። ጓደኛው ሲደበደብ ሳይማታ በመካከል እንዴት እንደሚገባ ይማራል። ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው በሌላ ሥራ ያግዛል እንጂ ወደ ባንኮኒው አይሄድም።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 ከመቶ የሚበልጡ ተማሪዎች ወደ ሱቆቹ ሄደው ተቀመጡ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን ነጭ ጎረምሶች መጥተው ደበደቧቸው። ፖሊስ የያዘው የተደበደቡትን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሲታሰሩ ግን ሌሎች መጥተው በባዶው ወንበር ተቀመጡ። እነሱ ሲታሰሩ ደግሞ ሌሎች መጡ። በዚያ ቀን 80 ያህል ታሰሩ። የከተማው ጥቁሮችም በመሃል ከተማ ካሉት ሱቆች መግዛት አቆሙ። ጄምስ ላውሰን ከሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ተባረሩ።

ኤፕሪል 19 ቀን ለተማሪዎቹ በሚከራከሩት ጠበቃ ቤት ቦምብ ተጣለ። በዚያው ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለ ዘፈንና ያለ ጩኸት፣ በዝምታ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ዲያን ናሽ የምትባል ተማሪ ከንቲባውን በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀቻቸው። ሰውን በቀለሙ ብቻ መለየት ትክክል ነው ብለው ያምናሉ ወይ? አለቻቸው። ከንቲባው ትክክል አለመሆኑን ተናገሩ። ሜይ 10 ቀን 1960 ስድስት ሱቆች ባንኮኒያቸውን ለጥቁሮች ከፈቱ።

የተከፈለው ዋጋ

ውድ አድማጮቻችን፣ ሰላማዊ ትግል ሕመም የለውም ብለን አንነግራችሁም። ሚሲሲፒ በሚባለው ግዛት ወይዘሮ ፋኒ ሉ ሄመር የሚባሉ የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ነበሩ። ጥቁር ሰው መምረጥ እንደሚችል የሰሙት በ44 ዓመታቸው ነው። በ1962 ለመመዝገብ ሄዱ። በፈተናው “ወድቀዋል” ተባሉ። በዚያው ቀን 18 ዓመት ከሠሩበት እርሻና ከሚኖሩበት ቤት ተባረሩ። ግን አጥንተው ተመልሰው በ1963 መጀመሪያ አለፉ። በዚያው ዓመት በጁን ወር ከአስተማሪዎች ሥልጠና ሲመለሱ በመንገድ ላይ ተያዙ። እስር ቤት ውስጥ ክፉኛ ተደበደቡ፤ ጉዳቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ አልለቀቃቸውም። ከዚያ በኋላ ግን አልተውም። ማስተማራቸውንና መናገራቸውን ቀጠሉ።

ማርች 7 ቀን 1965 ሴልማ በምትባል ከተማ ለመምረጥ መብት በሰላም የሚሄዱ 600 ያህል ሰዎች በፖሊስ ዱላና በአስለቃሽ ጢስ ተበተኑ። ሥዕሉ በቴሌቪዥን ታየ። አገሩ አፈረ። ዱላ የያዘው ማን እንደሆነ፣ ባዶ እጁን የነበረው ማን እንደሆነ ሁሉም በዓይኑ አየ። ተጓዦቹ ድንጋይ ቢወረውሩ ኖሮ ይህ ልዩነት አይታይም ነበር።

ኦገስት 6 ቀን 1965 የመምረጥ መብት ሕግ ወጣ። ያ የንባብ ፈተና በደቡብ ግዛቶች ታገደ። በሚሲሲፒ ከሕጉ በፊት ለመምረጥ ከደረሱ 100 ጥቁሮች የተመዘገቡት 7 አይሞሉም ነበር። በ1967 ወደ 60 ደረሱ። በየመንደሩ በማታ ትምህርት ቤት የተማሩት ሰዎች መራጮችን አስመዘገቡ። አንዳንዶቹም ራሳቸው ተመረጡ።

ትግሉ በዚያ አላለቀም። ዶክተር ኪንግ በ1968 ተገደሉ። በ2013 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከዚያ ሕግ አንድ ዋና ክፍል ሻረ። ያገኙትን መብት ካልጠበቁት ይሸረሸራል። ማሳ አንድ ጊዜ ታርሞ እንደማይበቃው ሁሉ ነው።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ሰላማዊ ትግል የፈሪ ሥራ አይደለም። ሲደበደቡ ሳይማቱ መቀመጥ ከመማታት የበለጠ ልብ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ ለሁሉም የሚሆን ትግል ነው። ጠመንጃ የሚይዘው ጎረምሳ ነው። በእግር መሄድን፣ አለመግዛትን፣ ማስተማርን ግን አሮጊቷም፣ ተማሪዋም፣ ፀጉር ሠሪዋም ይችሉታል።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ይቀድማል። ከሮዛ ፓርክስ “አልነሣም” በፊት ሃይላንደር ነበረ። ከባንኮኒው በፊት ምድር ቤቱ ነበረ። ከምርጫው ሳጥን በፊት የተሰበረው እርሳስ ነበረ። ጋዜጣ የሚጽፈው ስለ ሰልፉ ቀን ነው። ሥራው ግን የተሠራው ማንም ሳያይ፣ በማታ፣ ከሱቅ ጀርባ ባለ ክፍል ነው።

አራተኛ፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጀመሪያው የማታ ክፍል ከተከፈተ እስከ ሕጉ ድረስ ስምንት ዓመት ተኩል አልፏል።

ውድ አድማጮቻችን፣ እናንተም ዛሬ ማታ በእጃችሁ እርሳስ ይዛችኋል። ቢሰበር ሌላ ቅረጹ። ለዛሬ በዚህ እናበቃለን። 

አዳዲስ ቃላት

ሰላማዊ ትግል፦ ሰውን ሳይጎዱ በደልን መቃወም።
አድማ፦ ሰዎች ተስማምተው አንድን ሥራ ወይም አገልግሎት ባንድነት መተው።
ሕገ መንግሥት፦ የአንድ አገር ወይም ግዛት ዋና ሕግ።
መዝጋቢ፦ የመራጮችን ስም በመዝገብ የሚጽፍ ሹም።
በራሪ ወረቀት፦ መልእክት ተጽፎበት ለብዙ ሰው የሚታደል ወረቀት።

ተወያዩባቸው

1. ዝም ብሎ በመቻልና በሰላም በመታገል መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. የጆንስ ደሴት ሰዎች ፀጉር ሠሪዋን አስተማሪ ያደረጉት ለምንድን ነው?
3. በዶክተር ኪንግ ቤት ቦምብ በተጣለ ማታ ሕዝቡ ተኩሶ ቢሆን ምን ይከተል ነበር?
4. የናሽቪል ተማሪዎች ወደ ሱቆቹ ከመሄዳቸው በፊት ምን ምን ተለማመዱ? ልምምዱ ባይኖር ምን ይሆን ነበር?
5. እናንተስ ማንበብ ስትጀምሩ መጀመሪያ ለማንበብ የፈለጋችሁት ምን ነበር? በደብተራችሁ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ።